ጥሩምባው ለጠፋም ይነፋ፤ ስለ ጠፉ አረጋውያን ማፈላለጊያ አጭር ጥናት

የዕድር ጥሩምባ ነፊ በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ሲጣራ ሰምቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ በመካከላችን የለም ለማለት ይቻላል። ሰው ሲሞት ጥሩምባው ይነፋል፤ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜም መንደሩ በሙሉ ማን እንደ ሞተ፥ ቀብሩም የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። ሰው በሕይወት ሳለ ሲጠፋስ ማን ይነፋለታል? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን ባለፈው ክረምት በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛችን አያቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት አራት ኪሎ ነው። ቤታቸው በፈረሰ ጊዜ ከልጃቸው ጋር ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀኑን ከሌሊቱ፥ ልጃቸውን ከእኅታቸው ማምታታት ጀመሩ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የቤቱ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ዘወር ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ወሬው ሲደርሰን ስድስት ሆነን ተነሣን። ፎቶግራፋቸውን አባዝተን በጀሞ በየግንቡና በየምሰሶው ለጠፍን፤ በቴሌግራምም ለምናውቀው ሁሉ ላክን። ያን ሌሊት ዝናብ ሲወርድ አደረ።

በማግስቱ ሳር ቤት አጠገብ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ተገኙ። ያወቃቸው አንድ ሊስትሮ ነው፤ ጫማ የሚያስጠርግ ደንበኛው በስልኩ ፎቶግራፋቸውን ሲያሳየው «እኚህማ እዚያ ማዶ የተቀመጡት እማማ ናቸው» አለ። ሌሊቱን ያደሩት በአንድ ዘበኛ መጠለያ ነበር። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፤ ጋቢውን አልብሷቸዋል፥ ሻይም ገዝቶላቸዋል። «ወዴት ነው የሚሄዱት እማማ?» ብሎ ቢጠይቃቸው «ቤቴ ነዋ፥ አራት ኪሎ» አሉት። መልሳቸው ቀጥ ያለ ስለ ነበረ አልተጠራጠረም። እየተፈለጉ መሆናቸውን የነገረው ሰው ደግሞ አልነበረም፤ ማስታወቂያችን ሁሉ የተለጠፈው ጀሞ፥ እርሳቸው ያሉት ሳር ቤት!

እኛ የምንችለውን ሁሉ ያደረግን መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባነበብነው መጠን ግን የሠራነው ስሕተት ሌላው ዓለም ብዙ ሕይወት ከፍሎ የተማረበት ስሕተት መሆኑን ተረዳን። ስለዚህ ያነበብነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሕመሙ ጠባይ

ሕዝባችን ይህን ሕመም «ጃጀ» በሚል ቃል ያልፈዋል፤ ሐኪሞች ግን እርጅና ብቻውን የሚያመጣው ነገር አይደለም ይላሉ። አንጎልን የሚጎዱ ልዩ ልዩ በሽታዎች አሉ፤ ከሁሉ የሚበዛው አልዛይመር የተባለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 በዚህ ዓይነት ሕመም የተያዘው ሰው ቁጥር 57 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ከእነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ስለዚህ ነገሩ የሀብታም አገር ጣጣ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ለፈላጊ የሚጠቅመው ዋናው ዕውቀት ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ትዝታ ሲሆን የጥንቱ ብዙ ይቆያል። በሽተኛው አሁን ያለበትን ቤት እንግዳ ቤት ያደርገውና «ቤቴ ልሂድ» ይላል፤ ቤቴ የሚለውም የልጅነቱን ወይም የጎልማሳነቱን ቤት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሄደው እንዲሁ በዘፈቀደ ሳይሆን ወደ ቀድሞ ቤቱ፥ ወደ ቀድሞ ሥራው ወይም ይሳለምበት ወደ ነበረው ስፍራ ነው። እንደዚሁም ራሱን እንደ ጠፋ ሰው ስለማይቆጥር እርዳታ አይጠይቅም፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ የማይመልስበት ጊዜ ብዙ ነው። አጥር፥ ገደል ወይም ቁጥቋጦ እስኪያግደው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያም እዚያው ይቀራል። ብርዱ፥ ጥሙና መድኃኒት መቋረጡ ሲጨመርበት ቀን የሚያህል ጊዜ ሳይሆን ሰዓት ራሱ ዋጋ አለው።

፪. የአሜሪካው መንገድ

በአሜሪካ የነገሩ ምንጭ የሕፃናት ጉዳይ ነው። በ1996 በቴክሳስ አርሊንግተን በተባለች ከተማ አምበር ሄገርማን የምትባል የ9 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተገደለች። በዚህ ምክንያት የአካባቢው የራዲዮ ጣቢያዎችና ፖሊስ ተባብረው ልጅ ሲጠለፍ ወዲያው ለሕዝብ የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያ ተቋቋመ፤ ስሙም አምበር አለርት ተባለ። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ «ለልጅ የተደረገው ለሽማግሌስ ለምን አይደረግም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ2006 ኦክላሆማ ሐሳቡን ስትቀበል፥ ለሽበት ክብር «የብር ማስጠንቀቂያ» የሚል ትርጉም ያለው ሲልቨር አለርት የተባለው ስም ተለመደ። በዚያው ዓመት ጆርጂያ «የማቲ ጥሪ» የተባለውን ሕግ አወጣች፤ ስሙ የአትላንታ ነዋሪ የነበሩ፥ በዚህ ሕመም ምክንያት ከቤት ወጥተው ከወራት በኋላ ሬሳቸው ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ የተገኘ ሴት መታሰቢያ ነው።

አሠራሩን በፍሎሪዳ ምሳሌ እንመልከት። በ2008 አንዲት የ86 ዓመት ሴት መኪናቸውን እየነዱ ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ፤ በኋላም ውኃ ውስጥ ሞተው ተገኙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአገረ ገዢው ትእዛዝ ወጣ። ቤተሰብ ለፖሊስ ያመለክታል፤ ፖሊስም የጠፋው ሰው ዕድሜው 60 የሞላው መሆኑን፥ አእምሮውን የሚያደክም ሕመም ያለበት መሆኑን ያጣራል። ዕድሜው ከዚያ በታች ለሆነም በልዩ ሁኔታ ይፈቀዳል። በመኪና ከሄደና የሰሌዳ ቁጥሩ ከታወቀ፥ የመኪናው ዓይነት፥ ቀለሙና ቁጥሩ በአውራ ጎዳናው ላይ በተተከሉት የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች ይጻፋል፤ ራዲዮና ቴሌቪዥንም ያሰማሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፍሎሪዳው ሰሌዳ መልካም የሆነው ሽማግሌው ሳይቀር መኪና በሚነዳበት አገር ስለሆነ ነው። በእግሩ ለወጣ ሰው የአውራ ጎዳና ሰሌዳ ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። ማስጠንቀቂያ የሕዝቡን አካሄድ መከተል አለበት።

ይህ ጉዳይ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያሉትን ወገኖቻችንንም ይነካል። በስተርጅና ወደ ልጆቻቸው የሄዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ አስቀድሞ ሊያጣ ይችላል፤ እንግሊዝኛ ጨርሶ ያልተማሩም አሉ። ስለዚህ የሚናገሩት ቋንቋ ምን እንደሆነና በምን ስም ሲጠሩ ዞር እንደሚሉ በማስታወቂያው ላይ ካልተጻፈ፥ ያገኛቸው ሰው ሊረዳቸው ቢፈልግም አያውቅበትም።

፫. የጃፓኑ መንገድ

ጃፓን ሽማግሌ እጅግ ከበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ሕመም ምክንያት ጠፍተው ለፖሊስ የተመለከቱት ሰዎች በ2012 9,607 ነበሩ፤ በ2023 19,039 ደረሱ። እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ቀላል ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን እኛ ያሳለፍነውን ያንን የዝናብ ሌሊት የመሰለ ሌሊት አለው።

በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ የምትገኘው የኩሺሮ ከተማ በ1994 አንድ መረብ ዘረጋች። ሰው ሲጠፋ ፖሊስ ብቻውን አይፈልግም፤ የታክሲ ኩባንያዎች፥ የአካባቢው ራዲዮና ሌሎችም ባንድ ጊዜ ይነገራቸዋል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው የከተማው ዓይን ነውና። በደቡብ ያለችው ኦሙታ የተባለች የቀድሞ የከሰል ማዕድን ከተማ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ልምምድ ታደርጋለች። አንድ ሰው የጠፋ መስሎ በከተማው ይዞራል፤ ነዋሪው መልእክቱን ተቀብሎ ያን ሰው ይፈልጋል፥ ሲያገኘውም እንዴት በትሕትና እንደሚያነጋግረው ይለማመዳል። የእኛ ዘበኛ የጎደለው ደግነት አልነበረም፤ የጎደለው ወሬና ልምምድ ነበር።

ጃፓኖች የቃሉንም ነገር ችላ አላሉም። ለሕመሙ የነበረው የጥንት ስም የጅልነት ትርጉም ስላለበት በ2004 መንግሥት በሌላ ቃል ለወጠው። ኦሙታም ቆየት ብላ ዓላማ የለሽ መንከራተት ማለት የሆነውን ቃል ከልምምዷ ስም አወጣች፤ ሰውየው በልቡ መሄጃ አለውና። የቋንቋ ተማሪዎች የሆንን እኛ «ጃጀ» ከማለት የተሻለ ቃል ማግኘት አይገባንምን?

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የፍርድ ቤት ነገር ነው። በ2007 በአይቺ ክፍለ ሀገር አንድ የ91 ዓመት በሽተኛ፥ የ85 ዓመት ሚስቱ ጥቂት ስታንቀላፋ፥ ከቤት ወጥቶ ከባቡር ሐዲድ ገባና ባቡር ገጨው። የባቡሩ ኩባንያ ስለ ደረሰበት መዘግየት ቤተሰቡን ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሚስትና የበኩር ልጅ 7.2 ሚሊዮን የን ያህል እንዲከፍሉ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ገንዘቡን አጋምሶ በሚስቲቱ ላይ ብቻ ጣለው። በመጨረሻ በመጋቢት 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ነፃ አወጣ። ክርክሩ ስለ ገንዘብ ቢመስልም ፍሬው ሌላ ነው፤ የታመመን ሽማግሌ መጠበቅ የአንዲት የደከመች ሚስት ዕዳ ነው ወይስ የማኅበር? አንድ ሰው ሌሊትና ቀን ሳያንቀላፋ እንዲጠብቅ የሚፈርድ ሕግ፥ በሩን ቆልፎ እንዲያስር ያስገድደዋል።

፬. የእንግሊዙ ወረቀት

የእንግሊዝ አገር ፖሊሶች የሚጠቀሙበት የኸርበርት ፕሮቶኮል የተባለው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ነው። ስሙ የጆርጅ ኸርበርት ነው፤ እርሱም በ1944 በኖርማንዲ የዘመተ ወታደር ነበር፤ በእርጅናው ዘመን በዚህ ሕመም ተይዞ የልጅነት ቤቱን ሲፈልግ ሞተ። ዘዴው አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ቤተሰብ ሰው ሳይጠፋ አስቀድሞ ይሞላዋል፤ የቅርብ ፎቶግራፍ፥ የሚወስደው መድኃኒት፥ የቀድሞ ቤቶቹ፥ የቀድሞ ሥራው፥ ከዚህ በፊት ጠፍቶ የተገኘባቸው ስፍራዎች ይጻፉበታል። ሰውየው በጠፋ ጊዜ ለፖሊስ ይሰጣል። ሰው በድንጋጤ ላይ ሳለ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ እኛም «ቀድሞ የት ይኖሩ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ያነሣነው በማግስቱ ነበር።

፭. የሚነሡ ተቃውሞዎች

በነገሩ ላይ ተቃውሞ የለም አንልም። በመጀመሪያ፥ ዐዋቂ ሰው እንደ ሕፃን አይደለም፤ የመውጣትና የመግባት መብት አለው። ስሙንና ሕመሙን ለአገር ሁሉ ማወጅ ክብሩን ይነካል የሚሉ አሉ። ስለዚህ ማስታወቂያው መልኩንና ልብሱን እንጂ የሕመሙን ታሪክ መዘርዘር የለበትም፤ በተገኘ ጊዜም ወዲያው መነሣት ይገባዋል። ሁለተኛ፥ ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ጆሮ ይሰለቻል፤ በየቀኑ የሚጮኽ ደወል ከማይጮኽ አይሻልም። ለዚህ መድኃኒቱ ጥሪውን ለጠፋበት አካባቢና ለሚሄድበት አቅጣጫ መወሰን ነው። ሦስተኛ፥ በ2010 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕጎቹ የወጡት ጥቅማቸው በሚገባ ሳይመረመር መሆኑን ነቅፏል። ነቀፋው ተገቢ ነው፤ ሆኖም መዝገብ ይያዝ፥ ይመርመር የሚያሰኝ እንጂ ጥሪው ይቅር የሚያሰኝ አይደለም።

፮. ለእኛስ?

በአገራችን የጠፋ ሰው ማፈላለግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በራዲዮ፥ በጋዜጣና በየግንቡ «አፋልጉኝ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የጎደለው ፍጥነቱና አቅጣጫው ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ሳንጠይቅ፥ እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለውን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በዚህ ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ለየአያቶቻችን አንድ ገጽ ወረቀት እንጻፍ፤ የቅርብ ፎቶግራፍ፥ የክርስትና ወይም የቤት ስም፥ የሚናገሩት ቋንቋ፥ የኖሩባቸው ሰፈሮች፥ የሚሳለሙት ቤተ ክርስቲያን ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ ይኑርበት። ይህንም ስናደርግ እነርሱኑ እየጠየቅን ይሁን፤ የሕይወት ታሪካቸውን በዚያው እንማራለን።

ሁለተኛ፥ ሰው ሲጠፋ ማስታወቂያውን ከወጣበት በር ሳይሆን ወደ ቀድሞ ቤቱ በሚወስደው መንገድ እንለጥፍ። አስቀድመን የምንነግረውም ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውለው ይሁን፤ ለታክሲ ረዳት፥ ለሊስትሮ፥ ለሱቅ ሻጭና ለዘበኛ።

ሦስተኛ፥ የየሰፈራችንን ዕድር ዳኞች እንለምን። ለሞተ የሚነፋው ጥሩምባ አለ፥ ነፊውም አለ፥ አባላቱም ተመዝግበዋል። ለጠፋ ሰው እንዲነፋ የሚያስፈልገው አንድ የስብሰባ ውሳኔ ብቻ ነው።

የጓደኛችን አያት ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንድ ቀን በመስኮት እያዩ «አራት ኪሎ የትኛው ነው?» ይላሉ። ቤቱ የለም፤ መንገዱ ግን በልባቸው ውስጥ ነው። ነገ ተነሥተው ቢወጡ፥ ከጀሞ እስከ አራት ኪሎ ባለው መንገድ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ይኑር ነው የምንለው።