መምህሩ ጎረቤት ሊሆን ይችላል

የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና መምህር ጎረቤታቸው ሆነው መጡ። ልጁ 10 አውታር ያለውን መሣሪያ መማር የጀመረው ከእኚሁ ጎረቤት ነው። በኋላም ራሳቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሪ ሆኑ።

እናንተስ? ክራሩን ለጌጥ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ «እኔ እኮ ጆሮ የለኝም፤ ዕድሜዬም ሄዷል» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ሰበቡን ለዛሬ ተዉትና ዙሪያችሁን ቃኙ። ከያሬድ ተመርቀው ቤት ለቤት የሚያስተምሩ ልጆች አሉ። በገናና ማሲንቆ የሚያስተምሩ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም አሉ። ባህል ምሽት ቤት ሄዳችሁ ማሲንቆ ተጫዋቹ ግንባር ላይ ብር ለጥፋችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ከመድረክ ሲወርድ ጠጋ ብላችሁ «ታስተምራለህ?» በሉት። ቢበዛ «ጊዜ የለኝም» ይላችኋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ጊዜ ያለው ማንን ታውቃለህ?» ነው ቀጣዩ ጥያቄ።

ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም! ውድ ኪቦርድ ገዝቶ አልጋ ሥር የከተተ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። መምህሩን ቀድማችሁ ካገኛችሁ፣ የትኛው ለጀማሪ እንደሚበቃ፣ የትኛው ክራር ቅኝት እንደማይዝ እሱ አብሯችሁ ሄዶ ይመርጥላችኋል።

መድረክ ላይ አገር የሚያስጨበጭብ ሁሉ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ይህን የምትለዩት በመጀመሪያው ቀን ነው። በክራር ግርፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መሰማት የሌለበትን ክር ይዘው ያፍናሉ። ጀማሪ የማይፈለገውን ክር ለቆ የሚፈለገውን ያፍናል፤ ወጉ ነው። አንዱ መምህር ይህን ሲሰማ ክራሩን ከእጃችሁ ወስዶ «እንዲህ ነው» ይልና ሩብ ሰዓት ይጫወትላችኋል። ደስ ይላል፤ ግን ኮንሰርት ነው የታደማችሁት። ሌላው ክራሩን አይነካም። «ሌባ ጣትህን ብቻ አንሳ፤ አሁን ግረፈው» ይላል፤ ድምፁም ከእናንተው እጅ ይወጣል። እኔ ብሆን፣ ስሙን ማንም ባያውቀው እንኳ፣ ሁለተኛውን እይዛለሁ። ሌላም ምልክት አለ፦ በትዝታ ቅኝት የተቃኘውን ክራር ወደ ባቲ ቅኝት እናንተው ራሳችሁ እንድትቃኙት ቶሎ የሚያስገድድ መምህር ካገኛችሁ አትልቀቁት። እሱ በሌለበት ቀንም እንድትጫወቱ የሚፈልግ ሰው ነውና።

ለድምፅ ደግሞ ጥንቃቄው ይበረታል። ገና ከበር ስትገቡ የታወቀ ዘፋኝ ከፍታ ላይ ካላወጣኋችሁ የሚል አስተማሪ አያዋጣም። ጥሩው መጀመሪያ ድምፃችሁ ሳይጨነቅ የሚያርፍበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ትንፋሻችሁን ያያል፤ ያሟሙቃችኋል። ጉሮሮ ሲያም «ቻለው» ሳይሆን «አቁም» ይላል።

በውጭ አገር ያላችሁ በቪዲዮ መማር ትችላላችሁ። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አብሮ መጫወት አይሆንም፤ መምህሩ ይጫወታል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። በሳምንቱ መካከል የልምምዳችሁን ቅጂ የሚቀበልና አዳምጦ አስተያየት የሚልክ ከሆነ ርቀቱ ያን ያህል አይጎዳም።

ክፍያውን መጀመሪያ ለአንድ ወር ብቻ ተነጋገሩ። በየቀኑ 15 ደቂቃ ለመለማመድ ደግሞ ከራሳችሁ ጋር ተስማሙ፤ የቅዳሜ ሁለት ሰዓት የሳምንቱን ዝምታ አያካክስም።

እንግዲህ ስልኩን አንሱና ለመምህሩ ደውሉ። «መሣሪያ ነክቼ አላውቅም፤ አንድ ቀን መጥቼ ልሞክር?» በሉ። «መጀመሪያ ክራር ይግዙና ይደውሉ» ካላችሁ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ። «መቼ ይመችዎታል?» ካላችሁ ቀኑን እዚያው ቁረጡ።