ያገለገለ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ፦ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይነግረን ጉልበት

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የአዲስ አበባ የመኪና ገበያ መልኩን ለውጧል። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ያሉ በቻይና የተመረቱ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎች በየጎዳናው ይታያሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ መተላለፍ ጀምረዋል። ደላላው «ብዙ አልተነዳችም» ይላል፤ ገዢውም ጎንበስ ብሎ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያነብባል። በዚህ ጊዜ ነው በቤተሰቡ ውስጥ ሳይንስ የሚማረው ልጅ ተጠርቶ «እስቲ አንተ እየው» የሚባለው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የተዘጋጀ ነው።

ለነዳጅ መኪና የተጓዘው ርቀት መጥፎ መለኪያ አይደለም፤ ፒስተንና ጥርሳ ጥርስ የሚያልቁት በመፋተግ ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ትልቁ ድርሻ ያለው ግን በባትሪው ላይ ነው፤ ባትሪ ደግሞ በሁለት መንገድ ያረጃል። አንደኛው በመሞላትና በመጉደል ብዛት ሲሆን ሁለተኛው በዕድሜ ብቻ ነው። ቆሞ የሚውል መኪናም ባትሪው ውስጥ ዝግ ያለ ኬሚካላዊ ለውጥ ይካሄዳል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር በእጅጉ ይጨምራል፤ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በዱባይ በጋ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ባትሪው ሞልቶ ሜዳ ላይ የከረመ መኪና ቆጣሪው 5,000 ኪሎ ሜትር ቢያሳይም፣ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ 40,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳው ይልቅ የደከመ ባትሪ ሊይዝ ይችላል። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ የሚስማማ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም።

እንግዲህ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የሚጠየቀው መኪናው መቼ ተመርቶ የት ከረመ የሚለው ነው። ዘመኑን የሻንሲ ቁጥሩ ይናገራል። ከ17ቱ ምልክቶች 10ኛዋ የሞዴሉን ዓመት የምታመለክት ስትሆን «ኤም» 2021፣ «ኤን» 2022፣ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024 እ.ኤ.አ. ማለት ናት። ሻጩ «የ2024 ናት» እያለ ፊደሏ «ኤን» ከሆነች ጭውውቱ ከዚያው ይጀመር።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጥያቄ ነው፤ ባትሪው አሁን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል? በመሪው ፊት የሚታየው መቶኛ ይህን አይመልስም። ደለል እየያዘ ውስጡ የጠበበ እንስራ እስከ አፉ ሲሞላ «ሙሉ» ነው፤ ውሃው ግን እንደ ዱሮው አይደለም። የባትሪው 100 በመቶም ዛሬ ለቀረው አቅም 100 በመቶ እንጂ ፋብሪካ ሳለ ለነበረው አይደለም። በስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቀሪ ርቀትም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ በቻይና የአለካክ ሥርዓት የተገለጸው ርቀት ከአውሮፓው ይልቅ ለጋስ መሆኑም ይታወቃል።

ልኬቱን ግን በማንኛውም ቤት ማድረግ ይቻላል። መኪናው 20 በመቶ ላይ ሲደርስ የቤቱን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ እንመዝግብ፤ እስከ 100 በመቶ እንሙላውና እንደገና እናንብብ። በዚያ ጊዜ ሌላ ዕቃ መሥራት የለበትም፤ በተለይ ምጣድ ከተጣደ ስሌቱ ሁሉ ከእንጀራው ጋር ይጋገራል። ቆጣሪው 52 ኪሎዋት ሰዓት ቢያሳይ፣ ከዚህ ውስጥ 12 በመቶ ያህሉ በቻርጀሩና በሽቦው ሙቀት ሆኖ ባክኗል እንበል። ወደ ባትሪው የገባው 45.8 ነው። ይህ የአቅሙ 80 በመቶ ስለሆነ ለ0.8 ሲካፈል 57.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። መኪናው አዲስ ሳለ ጥቅም ላይ የሚውል አቅሙ 62 ከነበረ የቀረው 92 በመቶ ነው፤ ለ3 ወይም ለ4 ዓመት መኪና ደግ ውጤት ነው። ቆጣሪው 46 ብቻ ቢያሳይ ግን በዚያው ስሌት 82 በመቶ ገደማ ላይ እንደርሳለን፤ ይህም ዋጋ የሚያስቀንስ ነው። የብክነቱ ግምት ራሱ ጥቂት በመቶ ሊሳሳት ስለሚችል በ91 እና በ93 መካከል መከራከር ትርጉም የለውም። በ220 ቮልትና በ10 አምፔር፣ ማለትም በ2.2 ኪሎዋት፣ ይህ ልኬት አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ 32 አምፔር የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ካለ በ7 ሰዓት ተኩል ያልቃል። ሻጩ ሊሰለች ይችላል። ቢሆንም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት የሚጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

እስከ 100 በመቶ ይሞላ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በቢዋይዲ መኪናዎች በብዛት የሚገኘው የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ ከ30 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል የአንድ ሴል ቮልቴጁ ከአንድ አሥረኛ ቮልት በላይ እምብዛም አይለወጥም። የመኪናው ኮምፒዩተር በዚህ ዝርግ ክልል ውስጥ መጠኑን የሚያውቀው የገባውንና የወጣውን ኮረንቲ እየደመረ ነው፤ ጥቃቅን ስሕተቶችም እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ሙሉ ሲሆን ብቻ ቮልቴጁ ሽቅብ ስለሚወጣ ሒሳቡ ይታረማል። ለወራት ሞልቶ የማያውቅ እንዲህ ዓይነት መኪና የሚያሳየውን መቶኛ ማመን አይገባም፤ እንዲያውም አስቀድሞ አንድ ጊዜ ሞልቶ፣ እስከ 20 በመቶ ተነድቶ፣ ከዚያ ቢለካ ይመረጣል። በአይዲ 4 ውስጥ የሚገኘው የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ባትሪ ቮልቴጁ በግልጽ ስለሚወርድ ይህ ችግር ይቀንስለታል።

አሁን መኪናውን እንንዳው። ሻጩ ከእንጦጦ አካባቢ ወደ ቦሌ ይዞን ቢወርድ መቶኛው ምንም ያህል አይቀንስም፤ እኛም ልንደነቅ እንችላለን። ነገር ግን ከ3,000 ሜትር ገደማ ወደ 2,300 ሜትር ወርደናል። የመኪናው ክብደት 2,100 ኪሎ ግራም ቢሆን ግዝፈቱን በስበት ፍጥንጥነት በ9.8 እና በከፍታው ልዩነት በ700 ሜትር ብናበዛው 14.4 ሚሊዮን ጁል እናገኛለን። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.6 ሚሊዮን ጁል ስለሆነ ይህ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሜዳ ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ጉልበት ማለት ነው። ያስኬደን ባትሪው ሳይሆን እንጦጦ ነው። በተቃራኒው ሽቅብ ብቻ ከተነዳ ጤነኛ ባትሪ ይታማል፤ ይህም ሻጩን መበደል ነው። ፈተናው ፍትሐዊ የሚሆነው ወደ ተነሳንበት ቦታ ስንመለስ ብቻ ነው፤ በዝግ መንገድ ላይ የስበት ሥራ ዜሮ እንደሚሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል።

የባትሪው ጠቅላላ አቅም ደኅና ሆኖ አንድ ሴል ግን ሊታመም ይችላል። በመኪናው ወለል ሥር 100 ገደማ ወይም ከዚያ የበዙ ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ በሁሉም የሚያልፈው ኮረንቲ አንድ ነው። የሲራራ ነጋዴ ጉዞ በደካማዋ በቅሎ እርምጃ እንደሚወሰን ሁሉ፣ ደካማው ሴል ባዶ ሲሆን ሌሎቹ ጉልበት እያላቸው መኪናው ይቆማል። ይህን ለማየት ጋራዦች የሚጠቀሙበትን የብልሽት ማንበቢያ መሣሪያ በመኪናው ሶኬት ላይ ሰክቶ የየሴሉን ቮልቴጅ ማንበብ ይበቃል። የሚነበበው ግን ባትሪው ሞልቶና ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲቀረው፣ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን (ስሙ በልማድ ቀርቷል) አጥብቆ በመርገጥ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም እኩል ሲወርዱ አንዱ ብቻ ጎልቶ ካሽቆለቆለ ደካማው ተገኘ ማለት ነው።

የጠቅላላው ቮልቴጅ መውረድም ይነበብ። ውስጣዊ ተቃውሞው 0.1 ኦም የሆነ ባትሪ 200 አምፔር ሲሰጥ 20 ቮልት ይወርዳል፤ 4 ኪሎዋትም በውስጡ ሙቀት ይሆናል። ተቃውሞው በእርጅና ወደ 0.2 ኦም ካደገ ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ መኪና በሜዳ ደኅና እየሄደ ዳገት ላይ ይለግማል።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ መኪናው ጋራዥ ውስጥ ተነሥቶ ከታች ይታይ፤ በድንጋይ የተመታና ወደ ውስጥ የገባ ሽፋን ካለ ዋጋ መነጋገር ትርፉ ድካም ነው። የፍሬን ዲስኩ ዝገት አያስደንግጥ፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ፍሬኑ ጥቂት ነው የሚሠራው። የቻርጅ መሰኪያው የቻይና ወይስ የአውሮፓ ዓይነት እንደሆነ፣ ገዢው በሚኖርበት አካባቢ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚያስተናግድ ይጣራ። በመጨረሻም የመኪናው የስልክ መተግበሪያ በቀድሞው ባለቤት ስም ተመዝግቦ ከሆነ፣ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ሻጩ ባለበት ይሰረዝ፤ ያለዚያ በሩን ከሩቅ የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው።