የዚያን ቀን አጅሩን የወሰዱት እነማን ነበሩ? (ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቆላ ለምትወርዱ በጎ ፈቃደኞች)

 

ክረምቱ ገብቷል። ትምህርት ተዘግቶ ወደ ሶዶ የተመለሳችሁ ልጆች በዚህ ሳምንት አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግማችሁ ልካችሁልኛል፦ «ኡስታዝ፣ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ወደ ቆላ ልንወርድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜያችን ነው። ምን እናዘጋጅ?» ግማሾቻችሁ ወደ ሁምቦ፣ ግማሾቻችሁ ወደ ብላቴና ወደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ፣ አንዳንዶቻችሁም አልፋችሁ ወደ አርባ ምንጭ ልትሄዱ ነው። ማሻአላህ! የዛሬው የጁሙዓ መልእክታችን ለእናንተ ይሁን።

መልሱን የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ እንደ እናንተ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሁምቦ ቆላ ወረድኩ። ሥራችን የአንዲት ረዳት የሌላቸው አዛውንት እናት ቤት ጣሪያ ማደስ ነበር። ቀኑ ሰኞ ነው፤ እኔ የሱና ጾም ይዣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ «ይህ ኢኽላስ ነው» ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የዳሞታን ብርድ ለምጄ ያደግኩ ልጅ፣ የቆላውን ፀሐይ ከምንም አልቆጠርኩትም። ቆርቆሮ ሳቀብል፣ እንጨት ስሸከም ቆየሁና ሰባት ሰዓት ገደማ ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ ዛፍ ሥር ተኝቻለሁ። ሁለት ጓደኞቼ ሥራቸውን ትተው ያራግቡልኛል፤ ሌላው ሞተር ሳይክል ፍለጋ ሮጧል። እኚያ እናት ደግሞ በጣሳ ውሃ ይዘው አጠገቤ ተንበርክከዋል።

ጠጣሁ፤ ደገሙኝ፤ ጠጣሁ። በኋላ ነው ያ ውሃ ጠዋት ከሩቅ በጀሪካን ተሸክመው ያመጡት የዕለቱ ውሃቸው መሆኑን የሰማሁት። ሊረዳቸው የሄደው ልጅ ውሃቸውን ጨረሰባቸው። ጣሪያውም ግማሹ ሳይከደን መሸ። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ፤ እሳቸውም ጎረቤት ቤት አደሩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀደም ሲል መድረሳ የቀራሁት አንድ ሐዲሥ በትክክል የገባኝ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) የዘገቡት ነው። ሶሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጉዞ ላይ ነበሩ። ከመካከላቸው የጾመም ያልጾመም ነበር። በጣም ሞቃት በሆነ ቀን አንድ ቦታ ሰፈሩ። ጥላ የሚሆን ነገር የለም፤ ልብስ ያለው በልብሱ፣ የሌለው በእጁ ፀሐዩን ይከላከል ነበር። ጾመኞቹ ደክመው ወደቁ። ያልጾሙት ግን ተነሥተው ድንኳን ተከሉ፣ እንስሳቱን ውሃ አጠጡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የዚያን ቀን አጅሩን የወሰዱት ያልጾሙት መሆናቸውን ተናገሩ።

አስተውሉ፤ ጾሙ ተነቀፈ ማለት አይደለም። የሰኞና ሐሙስ ጾም ትልቅ ሱና ነው፤ የማይከብደው መንገደኛም መጾም ይችላል። ነገር ግን በሐሩር መካከል፣ ሰው እጃችሁን በሚጠብቅበት ሰዓት፣ አጅሩ ያለው ቆሞ ማገልገል ከሚችለው ሰው ጋር ነው። ስለዚህ ሰውነታችሁን መጠበቅ ከዒባዳው ውጪ አይደለም፤ ዒባዳው ራሱ እንዲቆም የሚያደርገው ምሰሶ ነው። ዝግጅታችሁ ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ይነሣ፦ «እዚያ ስደርስ የምሸከም ነኝ ወይስ ሸክም?»

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

1. ሙቀቱና ውሃው

ከባዱን ሥራ በማለዳ ጀምሩ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ጊዜ ለጥላ ሥራ፣ ለሶላትና ለዕረፍት አድርጉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙቀት ሲበረታ የዙህርን ሶላት እስኪቀዘቅዝ ማቆየትን አስተምረዋል፤ ለሶላት እንኳ ሙቀቱ ከታየ ለቆርቆሮ ምስማር እንዴት አይታይም? ሳይጠማችሁ ጠጡ። ሰፊ የጥጥ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ የተሸፈነ ጫማ ያዙ። ጣሪያ የምታድሱ ከሆነ ምስማር ስለማይቀር የቴታነስ ክትባታችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። የመጠጥ ውሃ አፍሉ፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ አክሙ። ኦ.አር.ኤስ. ከቦርሳችሁ አይጥፋ፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲጀምራችሁ ወዲያው ተናገሩ። እኔ ዝም ያልኩት በትዕግሥት መስሎኝ ነበር፤ ትዕግሥት አልነበረም።

2. ወባ

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሳወቀው በጎርጎሮሳዊው 2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። የወባ ትንኝ በዋናነት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የራሳችሁን አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ያሳደራችሁ ቤተሰብ ከልጆቹ ላይ አውርዶ እንዳይሰጣችሁ። ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲመለሱ ነው። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከተነከሳችሁ ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ያኔ ሶዶ ተመልሳችሁ «ብርድ መታኝ» ብላችሁ ትተኛላችሁ። አትተኙ፤ በዚያው ቀን ተመርመሩ፣ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒት ከጀመራችሁም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ።

«አላህ የጻፈው አይቀርም» የሚል ካለ የዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ያስታውስ። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በሚባል ቦታ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሶሓቦችን አማክረው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው ቀደሩ መሄዳቸው እንደሆነ መለሱ። አጎበሩም የአላህ ቀደር ነው።

3. ሶላታችሁ

ሁምቦ ጠበላ ከሶዶ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናት። በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድ የቀስር ርቀት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ የምትሄዱ ሶላታችሁን ሙሉ ስገዱ። አርባ ምንጭ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና መንገድ ላይ ማሳጠርና ማጣመር ትችላላችሁ። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ ከመድረሻና ከመመለሻው ቀን ሌላ አራት ቀንና ከዚያ በላይ ለመቆየት ካሰባችሁ፣ ከደረሳችሁበት ጀምሮ ሙሉ ትሰግዳላችሁ። ያለው ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ተየሙም አለላችሁ፤ የሰውን የመጠጥ ውሃ ለውዱእ አታፍስሱ። ሦስት ሆናችሁ ስትወጡ አንዳችሁን አሚር አድርጉ። ከወላጆቻችሁም ፈቃድና ዱዓ ሳትይዙ አትውጡ። እህቶች ደግሞ የጉዞውን ሸርጦች ከምታምኑት ዓሊም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

4. አደባችሁ

የምትሄዱበት ሰው አብዛኛው ሙስሊም አይደለም። ሰደቃችሁና ጉልበታችሁ ግን ሃይማኖት እየጠየቀ አይሄድም። ሥጋ ቢቀርብላችሁ «የእኛ ሰው ያረደውን ነው የምንበላው» ብላችሁ በፈገግታ አስረዱ፤ ቦዬውን፣ ጎዳሬውን፣ በቆሎውን በዳጣ እያመሰገናችሁ ብሉ። የሰውን ማዕድ ማንቋሸሽ ሱናችን አይደለም።

ደግሞ ልታስተምሩ ብቻ አትሂዱ። የሁምቦን ተራራ ቀና ብላችሁ እዩት። ተራቁቶ የነበረ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ከብት ከልክለው፣ ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙና እየጠበቁ ከ2,700 ሄክታር በላይ መልሰው አለበሱት። ይህን የሠራ ሰው ፊት ችግኝ ይዛችሁ ስትቆሙ መጀመሪያ «አባባ፣ የት ይሻላል?» በሉ።

ስልካችሁንም ጠብቁ። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። የአንዲትን እናት የፈረሰ ቤት፣ የተቀደደ ልብስ ለጥፎ መውደድ መሰብሰብ ከዚያ ምን ያህል ይርቃል? የሠራችሁትን ጣሪያ አንሡ፤ ፊታቸውን ተዉት።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። በማግሥቱ ተመልሰን ጣሪያውን ጨረስን። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጠጋ ዝም ብለው ጣሳውን አነሡና «መጀመሪያ ጠጣ» አሉኝ። ያን ቀን አልጾምኩም። ጠጣሁና ቆርቆሮ ላይ ወጣሁ።

የዛሬ የቤት ሥራችሁ፦ ቦርሳችሁን ስታዘጋጁ ከላይ ከጻፍኩላችሁ ውስጥ የጎደለውን ዛሬውኑ አሟሉ። ከዚያ ሁለት ረከዓ ስገዱና ኒያችሁን መርምሩ። አብሯችሁ ለሚወርድ ጓደኛም ይህን አድርሱለት።

አላህ ሆይ፣ መንገዳቸውን አግራላቸው፤ ጤናቸውን ጠብቅላቸው፤ ሥራቸውን ለአንተ ብቻ የተሠራ አድርግላቸው። ለሰው ሸክም ሳይሆን የሰውን ሸክም የሚያነሡ አድርጋቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።