መረብ ከመጣል በፊት ሰማይን ማንበብ

(የሳይንስ አምድ፣ በ7ኛ ክፍል ተማሪ የተዘጋጀ)

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዓሣ ማጥመድና ስለ አየር ሁኔታ ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እኔም በፊት እንደዚያ ነበር የማስበው።

የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው ለመስኖ ተብሎ ነው። ውኃው ሲጠራቀም ግን ዓሣውም አብሮ ተጠራቀመ። ዛሬ ቆረሶና አምባዛ ከዚያ እየወጣ ብዙ ቤት ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛበታል። የእኛም ቤት አንዱ ነው።

የደረሰብን ነገር

አጎቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ መረብ ሊጥል ሲወጣ እኔም ታንኳዋ ውስጥ የሚገባውን ውኃ እየጨለፍኩ ላወጣ አብሬው ሄድኩ። ከቤት ስንወጣ አያቴ በአኝዋክኛ «ዛሬ ሙቀቱ ያፍናል፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ቶሎ ተመለሱ» አለችን።

አጎቴ ፊቱን ወደ መረቡ አድርጎ ይጥላል። እኔ በስተኋላ ተቀምጬ በምሥራቅ በኩል ደመና አየሁ። አናቱ እንደ ጥጥ ክምር ነጭ ነው፣ ሥሩ ግን ጥቁር ነው። በየደቂቃው ያድጋል። ልነግረው ፈለግኩ። ግን «ትልቅ ሰው ሥራ ላይ እያለ ልጅ አይናገርም» ብዬ ዝም አልኩ። ነጎድጓድ ሲሰማ አጎቴ ዞር ብሎ አየና «ዝናቡ ገና ሩቅ ነው፣ እንጨርሳለን» አለ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ጠብታ ሳይወርድ ነፋሱ ደረሰ። ታንኳዋ ወደ ጎን ዞረች፣ ውኃው እየዘለለ ገባ። እኔ እጨልፋለሁ፣ አጎቴ ይቀዝፋል፣ ወደፊት ግን አንሄድም። በመጨረሻ መረቡን በቢላ ቆረጠው። ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ማዶ ያለው ሣር ውስጥ ከተተን። ቤት የደረስነው በእግራችን፣ ከመሸ ነው።

መንገድ ላይ አጎቴ «ደመናውን ቀድመህ አይተህ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የመረቡ ዕዳ እንኳ ገና ተከፍሎ አላለቀም ነበር።

ነፋሱ ከዝናቡ ለምን ይቀድማል?

ሰኞ ዕለት የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኩ። እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ፀሐይ ከጠዋት ጀምራ መሬቱን ታሞቃለች። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ እርጥበት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዝና እርጥበቱ ደመና ይሆናል። ለዚህ ነው በዝናብ ወራት ብዙ ጊዜ ማዕበል ያለው ዝናብ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ የሚመጣው።

ከደመናው ዝናብ ሲወርድ በዙሪያው ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ስለዚህ በኃይል ወደ ታች ይወርዳል። መሬት ወይም ውኃ ሲነካ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይበተናል። ባልዲ ውኃ መሬት ላይ ስንደፋ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚሮጠው ማለት ነው። ይህ ነፋስ ዝናቡን ቀድሞ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ «ዝናቡ ሩቅ ነው» ማለት «ነፋሱ ሩቅ ነው» ማለት አይደለም። የአጎቴ ስህተት ይህች ብቻ ነበረች።

ማዕበል በምን ያድጋል?

በሦስት ነገር ነው፦ በነፋሱ ኃይል፣ ነፋሱ በቆየበት ጊዜና ነፋሱ በውኃው ላይ በሚሮጠው ርቀት። ነፋስ ከጀርባችን ሲነፍስ ዳር ላይ ውኃው የተኛ ይመስላል። ወደ መሃል በገባን ቁጥር ግን ማዕበሉ ይጨምራል፤ ስንመለስ ደግሞ ነፋሱን ፊት ለፊት እንቀዝፋለን። ስለዚህ ለስለስ ያለ ነፋስ ካለ ስንሄድ ወደ ነፋሱ፣ ስንመለስ ከነፋሱ ጋር ቢሆን ይሻላል። ጉልበት የሚያልቀው በመመለሻ ነውና።

መብረቅን በቁጥር መለካት

ብልጭታውን እንዳያችሁ መቁጠር ጀምሩ። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ነጎድጓዱ እስኪሰማ 15 ከቆጠራችሁ መብረቁ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከውኃው ወዲያው መውጣት ያስፈልጋል። ውኃ ላይ ከሁሉም ከፍ ብሎ የሚታየው ሰው ነዋ! ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ደግሞ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከብቸኛ ትልቅ ዛፍ ሥር አትጠለሉ።

እያንዳንዱ ውኃ የራሱ ሰዓት አለው

በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ አጥማጆች በጣም የሚፈሩት የሌሊቱን ማዕበል ነው። ሌሊት የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከየዳርቻው የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ሐይቁ ላይ ይገናኝና ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ደመናም ይሆናል። ባሕር ላይ የሚያጠምዱ ደግሞ በጨረቃ ስበት ምክንያት ውኃው የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ይቆጥራሉ። የእኛ ግድብ ለዚያ ትንሽ ነው። የእኛ ከባድ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፣ በተለይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት።

ችግሩ መረብ የሚጣለው ወደ ማታ፣ የሚነሳው ጠዋት መሆኑ ነው። መጣያው ሰዓትና የማዕበሉ ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማሉ። ስለዚህ በዝናብ ወራት ቀደም ብሎ፣ ዳር ዳሩን መጣል ይሻላል። አምባዛም በዚያ ወቅት ለመራባት ውኃ ወደሸፈነው ሣር ስለሚጠጋ መሃል ድረስ መሄድ የግድ አይደለም።

ከመውጣታችን በፊት

1. የሚቲዎሮሎጂን ትንበያ በሬዲዮ እንስማ፤ በአካባቢው የኖሩ ትልልቅ ሰዎችንም እንጠይቅ።
2. የምንመለስበትን ሰዓት ከመሄጃው በፊት እንወስን። ቤት ላለ ሰውም እንንገር።
3. ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት፣ ከሌለ ባዶ በደንብ የተከደነ ጀሪካን እንያዝ።
4. አንድ ሰው ሥራው ሰማይ ማየት ብቻ ይሁን።
5. የሚያድግ ደመና፣ ነጎድጓድ ወይም ድንገተኛ ቀዝቃዛ ነፋስ ካለ አንከራከር፣ እንመለስ።

ማጠቃለያ

አጎቴ አዲስ መረብ እስኪገዛ ድረስ በመንጠቆ ብቻ ነበር የሚያጠምደው። አሁን አብሬው ስሄድ ቦታዬ ታውቋል። እሱ መረቡን ያያል፣ እኔ ሰማዩን አያለሁ። ስናገርም ይሰማኛል። ጓደኞቼ፣ እናንተም ከአባት ወይም ከአጎት ጋር ውኃ ላይ ከሆናችሁ ያያችሁትን ተናገሩ። ትልቅን ማክበር ዝም ማለት አይደለም። መረብ ይገዛል፣ ሰው ግን አይገዛም።

ጥያቄ፦ ብልጭታ አይታችሁ 9 ሰከንድ በኋላ ነጎድጓድ ብትሰሙ መብረቁ ስንት ሜትር ይርቃል? ምንስ ታደርጋላችሁ? መልሱን ለክበባችን አምጡ፣ በሰልፍ ሰዓት እናነበዋለን።