ለሕፃን የመጀመሪያው የእጅ ሥራ ምን ይሁን?

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ የሚርቀው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን አርባ ምንጭ ላይ ሲያልበው የነበረ ሰው ጨንቻ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ነው። በደጋው የሚወለደውን ሕፃን የሚጠብቀው ይህ ብርድ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ራሱ ከገላው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። ራሱ ካልተሸፈነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል። ስለዚህ እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይተኛል፤ ራሱም ይሸፈናል። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ይሻላል።

እንግዲህ ለልጇ ወይም ለልጅ ልጇ በእጇ የሠራችውን ነገር ለማስታወሻ ማቆየት የምትፈልግ፣ ግን ገና ጀማሪ የሆነች ሰው በምን ትጀምር?

ብዙ ሰው ዘሎ ሙሉ ሹራብ ይጀምራል። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነበር። አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዘመ። ክሩ አለቀ። ሌላ ስገዛ ቀለሙ አልመሳሰል አለ። ያን ሳስተካክል ልጁ አደገና አረፈው! የመጀመሪያው ሥራ ኮፍያ ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ኮፍያ ብዙ ክር አይፈጅም፤ እጅጌም የለውም።

የጋሞ ሰው ለክር እንግዳ አይደለም። እናቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ አባቶች ይሸምናሉ። የዶርዜ ሸማኔ አዲስ አበባም የታወቀ ነው። ሽመና ግን ድርና ማግ ይፈልጋል። የሹራብ ሥራ አንድ ክር ይበቃዋል፤ ክሩ ቀለበት እየሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ ሲበላሽ ይተረተርና ክሩ እንደገና ይሠራበታል። ጀማሪ ሦስት አራት ጊዜ ቢተረትር ምንም አይደለም።

መሥሪያው ሁለት ቀጫጭን እንጨት ነው። የዶርዜ ቤት የሚሠራበት ቀርከሃ ለዚህም ይሆናል። ከእርሳስ ቀጠን አድርጋችሁ ጥረቡት፤ ጫፉን አሹሉት፤ ክር እንዳይዝ በደንብ አለስልሱት። አያያዙንና አጠላለፉን ግን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ እጁን እያዩ መማር ይሻላል። በወረቀት ብቻ አይገባም።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በመጀመሪያ ለሙከራ 20 ቀለበት ጀምራችሁ ጥቂት መደዳ ሥሩና ስፋቱን ለኩ። 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለ1 ሳንቲ ሜትር 2 ቀለበት ይደርሳል ማለት ነው። የኮፍያው ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 2 ጊዜ 16፣ 32 ነው። ስለዚህ በ32 ቀለበት ትጀምራላችሁ። በየመደዳው መጨረሻ ቁጠሩ። 31 ከሆነ አንዱ አምልጧል፤ ተመልሳችሁ ፈልጉት። የቆጠራችሁትንም በደብተር ጻፉ፤ ሌላ ጊዜ ከዚያው አይታችሁ ትሠራላችሁ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሥራው ስለሚለጠጥ ርዝመቱ 33 ሲሆን አቁሙ። ሁለቱን ጫፎች ገጣጥማችሁ ስፉ። በላይኛው ጠርዝ ክር አሳልፋችሁ ሰብስቡና ከውስጥ በኩል ቋጥሩት።

አንገት ሥር የሚታሰር ክርና ቁልፍ አይግባበት። ክር ሊያንቀው፣ ቁልፍም ተነቅሎ አፉ ሊገባ ይችላል። እንደ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ማድረግ ያማረው ሰው ክሩን አስቀድሞ ከነጭ ጨርቅ ጋር አጥቦ ይየው፤ ቀለሙ ከለቀቀ ለሕፃን አይሆንም። ቆላ ላይ ደግሞ ቀን ሲሞቅ ኮፍያው ይውለቅ። ማጅራቱን ዳስሱ፤ ካላበው በዝቶበታል።

ኮፍያው ሲጠበው አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። በቁራጭ ወረቀት ላይ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት በራሳችሁ እጅ ጻፉና አብራችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ይህ ወረቀት ግን የቀበሌውን የልደት ምዝገባ አይተካም። ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።