የጤና ሠራተኛው ምርመራ፦ ለማን፣ መቼ፣ ለምን?

ሌሎቹ ትምህርቶቻችሁ በሽተኛን እንዴት እንደምትመረምሩ ያሳዩአችኋል፤ ይህኛው እናንተ ራሳችሁ ስለምትመረመሩበት ጉዳይ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ገሚሶቻችሁ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዋርዶች፣ ገሚሶቻችሁ በዳባትና በደባርቅ ጤና ተቋማት፣ የቀራችሁት ደግሞ አራዳ አካባቢ ባሉ የግል ክሊኒኮች ሥራ ትጀምራላችሁ። ደም፣ አክታና ስለት የየዕለት ሥራችሁ ይሆናል።

ጎንደር የጤና ትምህርትን የጀመረችው በመከላከል ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ ዓላማውም በሽታው ሰውን ከመጣሉ በፊት ቀድሞ መድረስ ነበር። ያ ሐሳብ ለሠራተኛውም ሊውል ይገባል።

ቅድመ ምርመራ ስንል

ቅድመ ምርመራ የሚደረገው ሕመም ለማይሰማው ሰው ነው። በጤና ተቋም ውስጥ አራት ጊዜያት አሉት። የመጀመሪያው ሲቀጠሩ የሚደረገው ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲጀምር የነበረበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስቀምጣል። ሁለተኛው እንደ ሥራው አደገኛነት በየጊዜው የሚደገመው ነው። ሦስተኛው መርፌ ሲወጋ ወይም ደም ዓይን ውስጥ ሲረጭ የሚደረገው ነው። አራተኛው ከከባድ ሕመም በኋላ ወደ ሥራ ሲመለሱ የሚደረገው ነው።

የመጀመሪያውን አትናቁት። ስትቀጠሩ ከበሽታ ነጻ መሆናችሁ ካልተመዘገበ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚገኝባችሁ በሽታ ከሥራው የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

ማን ይመርመር?

መለኪያው የሥራ መደቡ ስም ሳይሆን ሠራተኛው የሚነካው ነገር ነው። ከመተማና ከሑመራ ቆላ ካላ-አዛር ይዟቸው ወደ ጎንደር ከሚመጡት የቀን ሠራተኞች መካከል ኤችአይቪ አብሮ ያለባቸው አሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጣፊያ ወይም መቅኔ ናሙና የሚወስደው ሐኪም እንደሚጋለጥ ሁሉም ይረዳል። ያ መርፌ በሴፍቲ ቦክስ ፋንታ በተራ የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ቢጣል ግን የሚወጋው ከረጢቱን የሚያነሣው የጽዳት ሠራተኛ ነው። አንሶላ የምታጥበው፣ ቆሻሻ የሚያቃጥለው፣ በሽተኛ የሚያመላልሰውም እንደዚሁ ናቸው። በኮንትራት ወይም በኤጀንሲ የተቀጠሩ መሆናቸው ከአደጋው አያድናቸውም። እነርሱን የማያካትት መርሐ ግብር ገና ሙሉ አይደለም።

የራጅ ክፍል ሠራተኛ የሚያስፈልገው ክትትል ለየት ይላል። የሚደርስበትን ጨረር የሚለካ ዶዚሜትር ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ንባቡም በየጊዜው ይመዘገባል። ዓለም አቀፉ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ ሲሰላ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው።

ሄፓታይተስ ቢ፦ ቀዳሚው ምርመራ

ብዙ ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ኤችአይቪን ነው። ቁጥሮቹን እንይ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ከሚደርሱ 1,000 መወጋቶች ቫይረሱን የሚያስተላልፉት 3 ያህል ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ከሆነ ግን፣ ሠራተኛው ካልተከተበ፣ ከ100 መወጋቶች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑት ያስተላልፉታል። ቫይረሱ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ ለሰባት ቀን ይቆያል። በሕዝቡ ዘንድ የወፍ በሽታ የሚባለውን የዓይን ቢጫ መሆን አይታችሁ ለመጠንቀቅ አታስቡ፤ በሽታው በደሙ ውስጥ ለዓመታት የሚኖር ብዙ ሰው ምንም ምልክት አያሳይም።

በአገራችን ሄፓታይተስ ቢን የሚከላከለው ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ የሥራ ባልደረባ የሚሆኗችሁ አንጋፋዎችም፣ በሕፃንነታችሁ አላገኛችሁትም።

ምርመራው በሁለት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ ቫይረሱ አለ? መከላከያው አለ? ሁለቱም ከሌሉ ክትባቱ ይጀመራል፤ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ሁለተኛው ከአንድ ወር፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ ይሰጣል። ከመጨረሻው ክትባት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቆይቶ የመከላከያው መጠን ይለካል። በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነታችሁ ተዘጋጅቷል። ከዚያ በታች ከሆነ ክትባቱ ይደገማል። አንዱን ተወግቶ ሁለቱን የተወ ሰው እንደተከተበ አይቆጠርም።

ቫይረሱ የተገኘበት ሠራተኛ ወደ ጉበት ክትትል ይገባል፤ ሕክምና ካስፈለገው እንደ ቴኖፎቪር ያለ መድኃኒት አለ። የትዳር ጓደኛውና ልጆቹም ተመርምረው ይከተባሉ። ሥራውን ግን አያጣም። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ማዋለድ ይችላል። የቫይረሱን መጠን እየለኩ መከታተል የሚያስፈልገው እጅ ከዓይን ተሰውሮ በሰውነት ውስጥ በስለት ለሚሠራባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ነው።

ቲቢ፦ በብርድ የተዘጋ መስኮት

ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የጎንደር ሆስፒታልም መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ቀድመው ማከም ከጀመሩ የአገሪቱ ማዕከላት አንዱ ነው። በደጋው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ጠዋት ብርዱ ሲበረታ ተመላላሽ ክፍሉ መስኮቱን ዘግቶ ይጀምራል። የሚያስል ሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ አየሩ ካልተለወጠ አብሮ የተቀመጠው ሁሉ ያንኑ አየር ይስባል። ሰሜን ብርድ ነው ብለን መስኮት ስንዘጋ ለባክቴሪያው እንመቻለን። ጋቢ ደርባችሁ መስኮቱን ክፈቱ፤ ቲቢ በሚታከምበት ክፍል በተራው የቀዶ ሕክምና ጭንብል ፋንታ ኤን 95 አድርጉ።

የቲቢ ቅድመ ምርመራ በአራት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ። አንዱ ካለ አክታ በጂን ኤክስፐርት ይታያል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ራጅ ይነሣል። የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበባል፤ ነገር ግን የሕፃንነት ቢሲጂ ክትባት ውጤቱን ሊያሳስተው ስለሚችል ብቻውን አይፈርድም። ትልቁ እንቅፋት ግን ልማዳችን ነው። በሽተኛን «ስንት ሳምንት ሳልክ?» የምንል ሰዎች የራሳችንን ሳል በጉንፋን እናሳብባለን።

ኤችአይቪ፦ በፈቃድ ብቻ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው አዲስ ተቀጣሪዎችንና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል፤ የኤችአይቪ ምርመራን ግን ከዚህ ግዴታ ለይቶ አውጥቷል። አዋጁ የግል ክሊኒኮችንና ሆስፒታሎችን ይመለከታል፤ የመንግሥት ተቋም ሠራተኞች በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ። ስለዚህ አንድ የግል ክሊኒክ የኤችአይቪ ውጤት ካላመጣህ አልቀጥርህም ሊል አይችልም።

በፈቃድ መመርመር ግን ጥቅም አለው። ቫይረሱ ያለበት ሠራተኛ ቲቢ ይበረታበታል፤ ሁኔታውን ካወቀ መድኃኒት ይጀምራል፣ የቲቢ መከላከያ ሕክምና ያገኛል፣ መድኃኒት ከተላመደ ቲቢ ክፍል እንዲዛወርም መጠየቅ ይችላል።

መርፌ ቢወጋችሁ

ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪና አታፍስሱበት። ዓይን ከሆነ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ። ወዲያው ለኃላፊው አሳውቁ፤ እስከ ተረኛ ቅያሪ አትጠብቁ። በሽተኛው ፈቃዱን ተጠይቆ ይመረመራል፤ እናንተም የዚያኑ ቀን ትመረመራላችሁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ሄፓታይተስ ቢ ላልተከተበ ሰው ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ በጊዜ ከተገኘ ግን በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል። ስለዚህ የክትትል ቀጠሮዎቹን አትተዉ።

ውጤቱ የማን ነው?

ውጤቱ የተመርማሪው ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ነው፣ ወይስ ለጊዜው የሥራ ለውጥ ያስፈልገዋል? የበሽታው ስም በሕክምና ካርዱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ መርሐ ግብሩ የሚቆምበት መሠረት ነው። ውጤቱ ኮሪደር ላይ የሚወራ ከሆነ፣ ወይም ከሥራ የሚያስወጣ ከመሰለ፣ የተወጋችው ነርስ ዝም ትላለች፣ የሚያስለው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳሉን ይደብቃል። የተደበቀው በሽታም በሽተኛው አልጋ ድረስ ይሄዳል።

ስትቀጠሩ ጠይቁ

የሥራ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ሦስቱ ክትባቶች ይሰጣሉ? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ሌሊት መርፌ ቢወጋኝ መድኃኒቱን የማገኘው ከየትኛው ክፍል ነው? ውጤቴን የሚያየው ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም። መልስ ያለው ተቋም በደስታ ይነግራችኋል፤ መልስ የሌለው ደግሞ በጥያቄያችሁ ምክንያት ማዘጋጀት ይጀምራል። እናንተም ነገ ኃላፊ ስትሆኑ የመጀመሪያውን ክትባት ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋችሁ ውሰዱ፤ የቀሩት ይከተሏችኋል።