መብራት ሲመለስ የማይነሣ ሰርቨር

በቦንጋ ለምንማር ሰዎች የመብራት መጥፋት እንግዳ ነገር አይደለም። ከፋ ደን የበዛበት፥ ዝናቡም ረዥም ወራት የሚቆይበት ምድር ስለ ሆነ፥ መብረቅ ሲወርድ ወይም ዛፍ በሽቦ ላይ ሲወድቅ ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ይጨልማል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር፥ ያንን ኃይል በተራራና በደን አሻግሮ ሳይቆራረጥ ከቤት ማድረስ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ይኸውም መብራቱ ተመልሶ አምፖሉ ሁሉ ሲበራ ሰርቨሩ ብቻ አልነሣም ቢል ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ነገሩ ኮምፒዩተር የሚያጠኑትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የኮርስ ምዝገባም፥ የፈተና ውጤትም፥ የመመረቂያ ጽሑፍም ዛሬ የሚቀመጠው በሰርቨር ነው። ፍርዳችን የተሳሳተ እንደ ሆነ ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ያልተበላሸው ዕቃ ተበላሸ ተብሎ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው ከአዲስ አበባ ምትክ እስኪመጣ ሥራ ይቆማል። ሁለተኛውና የከፋው፥ መብራቱ ያላጠፋውን መረጃ በችኮላ የተጫነ አንድ ቁልፍ ያጠፋዋል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ መኪናው ጨርሶ ሕይወት የለውም ወይስ መነሣት ጀምሮ መንገድ ላይ ቆመ? እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ሕይወት ከሌለው ምርመራው የሚጀምረው ከግድግዳው ነው። ሶኬቱ ኃይል አለው ወይ? ዩፒኤሱ ራሱ በርቷል ወይ? ባትሪው ተሟጦ የጠፋ አንዳንድ ዩፒኤስ መብራት ሲመለስ በራሱ አይበራም፤ ሰው ቁልፉን እንዲጫንለት ይጠብቃል። ሰርቨሩም ቢሆን በባዮሱ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ ጠፍተህ ቆይ» የሚል ትእዛዝ ተሰጥቶት እንደ ሆነ ትእዛዙን መፈጸሙ እንጂ መታመሙ አይደለም። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ የኃይል ገመዶቹን በሙሉ መንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ፥ ጥቂት ቆይቶም መልሶ መሰካት ይገባል። መብራቱ ሲመለስ በመጣው የኃይል ግፊት ራሱን ዘግቶ የነበረ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ በዚህ ይከፈታል። ያልተከፈተ እንደ ሆነ ግን ያረጀ ይሆናል። ለዓመታት ሳይጠፋ የሠራ ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደክመውም ሳለ ሙቀቱ እየረዳው ሲሠራ ይኖራል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋና ከቀዘቀዘ ግን ለመነሣት የሚያስፈልገውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል።

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ፥ የሜሞሪ ካርዶቹን አውጥቶ መልሶ መሰካት፥ ካልሆነም አንዱን ብቻ አስቀርቶ መሞከር ይበቃል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪም መርሳት አይገባም። እርስዋ ካለቀች ሰዓቱና የባዮሱ ምርጫዎች ከመብራቱ ጋር አብረው ይጠፋሉ። ሰርቨሩም ዲስኩን ትቶ በኔትወርክ ለመነሣት ሲፈልግ ይገኛል፤ ወይም ተነሥቶ ዘመኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቆጥር የይለፍ ቃልና የምስክር ወረቀት ሁሉ አልቀበልም ይላል።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ፤ የጥንቃቄው ሁሉ ቦታ እዚህ ነውና። ብዙ ሰርቨሮች ዲስኮቻቸውን ሬይድ በሚባለው ሥርዓት ያጣምራሉ። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ተቆጣጣሪው ካርድ ከዲስኮቹ አንዱን ላያውቀው፥ ወይም ሁሉንም «የባዕድ ናቸው» ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ የባዕድ የተባለውን አስገባ የሚለው ምርጫና እንደ አዲስ አዘጋጅ የሚለው ምርጫ በአንድ ገጽ ላይ ተቀራርበው ይታያሉ። የመጀመሪያው ያድናል፤ ሁለተኛው ይቀብራል። እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በድኃ አገር ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ጊትሀብን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 በዋናው የመረጃ ማእከሉ ኃይል ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ ከሰርቨሮቹ ሩብ የሚያህሉት ጠፍተው ተነሡ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በፈርምዌር ጉድለት ምክንያት የራሳቸውን ዲስክ ማየት ተስኗቸው አልነሣም አሉ። ድርጅቱም ከሁለት ሰዓት በላይ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ዲስኮቹ አልተበላሹም ነበር፤ ኃይሉን ፈጽሞ አቋርጦ እንደገና መስጠት ነበር መድኃኒቱ።

ዲስኩ ታይቶ ሊኑክስ መነሣት ከጀመረ በኋላ ቢቆም ጥፋቱ ከፋይል ሥርዓቱ ሊሆን ይችላል። ነገሩን በቡና መጋዘን እንመስለው። አንድ ግምጃ ቤት 40 ጆንያ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ሲያዛውር መብራት ቢጠፋበትና ሠራተኛው ሁሉ ቢበተን፥ በማግሥቱ ስንቱ እንደ ተዛወረ ለማወቅ ሁለቱንም መጋዘን ከዳር እስከ ዳር መቁጠር ይኖርበታል። ብልህ ግምጃ ቤት ግን ጆንያ ሳይነካ በፊት «40 ጆንያ ከዚህ ወደዚያ ላዛውር ነው» ብሎ በትንሽ ደብተር ይጽፋል። በማግሥቱ ደብተሩን ብቻ አይቶ የተጀመረውን ይፈጽማል። ይህ ደብተር ጆርናል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ሊኑክስ ከገባ ወዲህ የብዙ ሰዎችን ዕንቅልፍ አድኗል። ሆኖም እንደ ተለመደው አሠራር ደብተሩ የሚመዘግበው ጆንያው የት እንዳለ እንጂ በውስጡ ያለው ቡና ምን እንደ ሆነ አይደለም። ስለዚህ ሥርዓቱ በደኅና ተነሥቶ ሳለ ኃይሉ ሲቋረጥ ይጻፍ የነበረው ፋይል ግን ባዶ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም።

ደብተሩ ያልበቃ እንደ ሆነ ኤፍኤስሲኬ የሚባለው መርማሪ ይጠራል። ዲስኩ በሥራ ላይ እያለ ከቶ አይሠራበትም። በመጀመሪያ ምንም ሳይጽፍ እንዲያነብ ብቻ ይታዘዛል፤ የሚዘረዝረው ስሕተት ብዙ ከሆነ ወይም ዲስኩ ራሱ የሚያቃስት ከሆነ፥ ከማናቸውም ጥገና በፊት የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ በሌላ ዲስክ መውሰድ ግድ ነው። ለጥያቄው ሁሉ «አዎን» እያሉ ማለፍ የታካሚውን በሽታ ሳያውቁ እንደ መቅደድ ያለ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው ግን በጣም ተራ ነገር ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ የሚፈልጋቸው ዲስኮች ዝርዝር በኤፍኤስታብ ፋይል ተጽፏል። በዚያ ዝርዝር ከወራት በፊት ተነቅሎ የተወሰደ የመጠባበቂያ ዲስክ ስም ቀርቶ እንደ ሆነ፥ መኪናው 90 ሰኮንድ ያህል ጠብቆ ወደ አስቸኳይ ሁኔታ ይገባል። ያንን መስመር መሰረዝ ወይም «ኖፌይል» የሚለውን ቃል መጨመር ይበቃል። እንደዚሁም ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የቆየ ሰርቨር አዲስ ከርነል ተጭኖለት አንድም ቀን ሳይነሣበት ይኖራል። አዲሱ ከርነል ጉድለት ካለበት መብራቱ በጠፋ ዕለት ይገለጣል፤ ሰውም ጥፋቱን በመብራቱ ያሳብባል። በግሩብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መርጦ ማስነሣት ነገሩን በአምስት ደቂቃ ይለየዋል።

ብዙ ሰርቨር ባለበት ቤት ቅደም ተከተል አለ። ኔትወርኩ፥ ቀጥሎ የጋራ ዲስኩ፥ ቀጥሎ ዳታቤዙ፥ በመጨረሻ ተማሪው የሚያየው ገጽ ይነሣል። ዳታቤዝም የራሱ ደብተር ስላለው ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶ ራሱን ሲያስተካክል ቢዘገይ፥ ተሰናክሏል ብሎ መሀል ላይ መግደል አይገባም።

ስለ ዩፒኤስ ጥቂት እንበል። የዩፒኤስ ሥራ ሰርቨሩ ሌሊቱን እንዲያድር ማድረግ አይደለም፤ በሥርዓት ለመጥፋት የሚበቃ ደቂቃ መስጠት ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱና ሰርቨሩ በገመድ ተገናኝተው ባትሪው ሲያንስ ሰርቨሩ በራሱ እንዲጠፋ ካልተደረገ፥ የተገዛው ዕቃ መጥፋቱን ለጥቂት ጊዜ ማዘግየት ብቻ ነው የሚሠራው። ባትሪውም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል። የተሰካው ምን እንደ ሆነም ማየት ይገባል፤ ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ኃይል በተቋረጠበት ጊዜ ከ7,000 ሰርቨሮቹ 300 ያህሉ ከመጠባበቂያው ኃይል ጋር ያልተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ በሺህ የሚቆጠሩ በረራዎችም ተሰረዙ።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን በሰርቨር ክፍል ለምትሠሩና ተለማማጅ ሆናችሁ ለምትገቡ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በዕረፍት ወራት፥ የመጠባበቂያው ግልባጭ ተከፍቶ መነበቡ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ቀን ተቆርጦ ሰርቨሮቹ በሥርዓት ይጥፉና ይነሡ። በዚያን ቀን የታየው ሁሉ፥ ማለት የዲስኮቹ ቅደም ተከተል፥ የባዮሱ ምርጫ፥ የከርነሉ ስም፥ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚነሣ፥ በወረቀት ተጽፎ በክፍሉ በር ላይ ይሰቀል። በወረቀት የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰርቨሩ አልነሣም ባለ ዕለት በሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጠውን መመሪያ ከፍቶ የሚያነብ የለም።